የኪራይ ውል ወረዳ ለማስመዝገብ፦ ካርታው በእናቴ ስም፣ እናቴ ውጭ፣ ውክልናው እኔ ጋ

ወለል 4

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ለባልና ሚስት ልናከራይ ተስማምተናል፤ ዋጋው በወር 15,000 ብር ነው። ውሉ ገና አልተጻፈም። ወረዳ ደርሶ ከመመለስ ወረቀቱን አሟልቼ ልሂድ ብዬ ነው የምጠይቃችሁ።

ሁኔታው እንዲህ ነው። ካርታው በእናቴ ስም ብቻ ነው። እናቴ ውጭ አገር ናት፤ በኤምባሲ በኩል ጠቅላላ ውክልና ልካልኛለች። አባቴ እዚሁ አለ፣ ካርታው ላይ ግን ስሙ የለም። የባንክ ዕዳው ስላላለቀ ዋናው ካርታ ባንክ ነው ያለው፤ እኔ ጋ ኮፒው ብቻ አለ።

ጥያቄዎቼ፦ ጠቅላላ ውክልናው ይበቃል ወይስ ልዩ ውክልና ይጠየቃል? አባቴ መፈረም አለበት? የካርታው ኮፒ ብቻውን ይሠራል? ደላላው የታተመ የውል ቅጽ ሰጥቶኛል፤ የአንድ ዓመት ነው፣ የሦስት ወር ቅድሚያ ክፍያም ይላል። እሱን ሞልቼ ብሄድስ?

መዝገብ ቤት

ከመጨረሻው ልጀምር፤ የደላላውን ቅጽ ተወው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከመውጣቱ በፊት የታተመ ቅጽ አሁንም በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ይሸጣል፣ እና ሁለት ቦታ ላይ ከአዋጁ ጋር ይጋጫል። አንደኛ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከ2 ዓመት ማነስ አይችልም። ሁለተኛ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። በእናንተ ዋጋ ጣሪያው 30,000 ብር ነው። «ሁለት ወር ቅድሚያ፣ አንድ ወር ማስያዣ» ብሎ ሦስተኛውን ወር በሌላ ስም መጨመር ገደቡን ለመዞር የተሞከረ ነው የሚመስለው፤ ተከራዩ በኋላ ቅሬታ ቢያቀርብ ያ መስመር አንተን እንጂ እሱን አይጠቅምም።

የት እንደሚመዘገብ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ውሉ የሚመዘገበው ቤቱ ባለበት ወረዳ ነው፣ አከራዩ በሚኖርበት ወረዳ አይደለም። ወረዳው ውስጥ ደግሞ የቤቶች ጉዳይ የሚሠራበት ክፍል ነው የምትፈልገው፤ የነዋሪነት መታወቂያ የሚሰጥበት መስኮት ሌላ ነው። ውልና ማስረጃ ሄዶ ማጸደቅም ይህን ምዝገባ አይተካም። የሁለቱ ሥራ ለየቅል ነው፤ ውልና ማስረጃ የምትሄደው ለውክልናው ጉዳይ ነው።

ጊዜው 30 ቀን ነው፣ የሚቆጠረውም ውሉ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ነው። ተከራዩ ከገባበት ወይም ኪራይ መክፈል ከጀመረበት ቀን አይደለም። በዚህ ምክንያት ወረቀቱ ሳይሟላ ውሉ ላይ ፊርማና ቀን ማስቀመጥ ጥበብ አይደለም። የእናትህ ውክልና ሳይስተካከል ዛሬ ብትፈራረሙ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል፤ ካለፈ ቅጣት አለው። ውሉን አዘጋጅታችሁ፣ አንብባችሁ ተስማምታችሁ፣ የፊርማውንና የቀኑን ቦታ ክፍት አድርጋችሁ ሂዱ። ሁሉም ተዋዋይ በአካል ተገኝቶ ባለሙያው ፊት ቢፈርም «ፊርማው የእኔ አይደለም» የሚባል ክርክር አይነሳም።

ይዘህ የምትሄደው፦ የውሉ ቅጂዎች (አንድ ለአከራይ፣ አንድ ለተከራይ፣ አንድ ለመዝገብ፤ አራተኛ ትርፍ ብታትም አትጎዳም)፣ የሁላችሁም የታደሰ መታወቂያ ዋናውና ኮፒው፣ የቤቱ ባለቤትነት ማስረጃ፣ ውክልናው ዋናውና ኮፒው፣ የወላጆችህ የጋብቻ ማስረጃ፣ እና የምስክሮቹ መታወቂያ። ኮፒ ይዞ ዋናውን ቤት ጥሎ መሄድ ዋነኛው የመመለሻ ምክንያት ነው። ኮፒው ከዋናው ጋር ሳይመሳከር አይገባም።

በመታወቂያው ላይ ያለው ስም ከካርታው ስም ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰላል ወይ የሚለውን አስቀድመህ እይ። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ብዙ ጊዜ አያጣላም። የአያት ስም ሲለወጥ ግን ያጣላል። አንዱ ሰነድ ላይ የአባት ስም ብቻ፣ ሌላው ላይ ደግሞ የክርስትና ስም ካለ የሁለቱም ስሞች ባለቤት አንድ ሰው መሆኑን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር አይደለም።

አንቀጽ ቆጣሪ

ውክልናውንና የአባትህን ነገር ልመልስ፤ ሁለቱ የተያያዙ ናቸው።

ጠቅላላ ውክልና ይበቃል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2204 ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራዎችን እንደሚሸፍን ይናገርና ከአስተዳደር ሥራዎቹ መካከል ከ3 ዓመት የማይበልጥ ኪራይን በግልጽ ይጠቅሳል። ውሉ የ2 ዓመት ከሆነ በዚህ ውስጥ ነህ። ተከራዮቹ ወደዱህና «አምስት ዓመት እንዋዋል» ቢሉህ ግን ያኔ ልዩ ውክልና ትፈልጋለህ። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ቢገጥምህ አትጨቃጨቅ፤ ውክልናው ላይ «እንዲያከራይልኝ፣ የኪራይ ውል እንዲፈርምልኝ» የሚል ቃል ካለ ጣትህን እዚያ ላይ አድርገህ አሳየው። ብዙዎቹ የኤምባሲ ውክልናዎች ይህ ቃል አላቸው፣ ከሌለው ደግሞ እናትህ አዲስ ስታስጽፍ እንድታስገባው ንገራት፤ ሕጉ ባይጠይቀውም መስኮት ላይ ክርክር ያሳጥራል።

አዲስ የምታስጽፍ ከሆነ «የኪራይ ገንዘብ እንዲቀበልልኝ፣ ግብር እንዲከፍልልኝ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ቀርቦ እንዲያስፈጽምልኝ፣ ውሉን እንዲያድስና እንዲያቋርጥልኝ» የሚሉትም ይግቡ። ማከራየት የሚችል፣ ማቋረጥ ግን የሚችል መሆኑ ያልተጻፈለት ተወካይ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ኤምባሲ ደጅ ያስጠናል።

የውክልናው ጉዞ፦ ኤምባሲው ወይም ቆንስላው ያረጋገጠው ሰነድ አገር ቤት ሲገባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የኤምባሲውን ማኅተም ያረጋግጣል፤ ከዚያ ውልና ማስረጃ ተወስዶ ይመዘገባል። የኤምባሲው ማኅተም ስላለበት ብቻ ቀጥታ ወረዳ ይዞ መሄድ ከንቱ ድካም ነው። ውክልናህ ጀርባ ላይ ወይም አባሪው ላይ የእነዚህ የሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ማኅተም መኖሩን አሁኑኑ ተመልከት።

አባትህ ይፈርማል። ካርታው በእናትህ ስም ብቻ መሆኑ ምንም አይለውጥም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 63 መሠረት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በስተቀር የተጋቢዎች ንብረት፣ በአንዳቸው ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። አንቀጽ 68 ደግሞ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ ብቻ ሳይሆን ለማከራየትም የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ሰዎች ይህን ለሽያጭ ብቻ ያለ ይመስላቸዋል። ሳይፈርም የቀረው ተጋቢ ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ስለሚችል ጉዳዩ የወረዳው ብቻ አይደለም፤ ተከራዮቹም ቢሆኑ የአባትህን ፊርማ ሊጠይቁ ይገባል።

ስለዚህ የውሉ መግቢያ ላይ አከራይ ብለህ ሁለት ሰው ትጽፋለህ። አንደኛ እናትህን፣ «በወኪላቸው በአቶ እገሌ አማካይነት» ብለህ፣ የውክልናውን ቁጥርና ቀን ጨምረህ። ሁለተኛ አባትህን፣ ራሱ ፈራሚ ሆኖ። አንተ የአከራይነት ስም የለህም፤ ወኪል ነህ። ብዙ ውል የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ወኪሉ ራሱን አከራይ ብሎ ይጽፋል፣ ከዚያ የካርታው ስምና የውሉ ስም አይገናኙም።

አባትህ በጣት አሻራ የሚፈርሙ ከሆነ ደግሞ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1728ን አስብ፤ ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር ሰው አሻራው የሚያስገድደው ሥልጣን ባለው ሹም ፊት ሲረጋገጥ ነው። ቤት ተፈርሞ የመጣ አሻራ አይጠቅምም።

ወለል 4

በጣም አመሰግናለሁ። ውክልናውን አየሁት፣ «እንዲያከራይ» ይላል፣ የውጭ ጉዳይ ማኅተምም አለበት፤ የውልና ማስረጃ ግን የለም። አባቴም ይፈርማል። የባንኩን ካርታ ጉዳይና ውሉ ውስጥ ምን ምን መግባት እንዳለበት የሚያውቅ ቢኖር ደስ ይለኛል።

የብሎክ ጸሐፊ

የባንኩ ቀላል ነው። ብድሩ ያለበት ቅርንጫፍ ሄደህ ዋናው ካርታ በመያዣነት እነሱ ጋ እንደሚገኝ የሚገልጽ ደብዳቤና የካርታውን ኮፒ በባንኩ ማኅተም ጠይቅ። ደብዳቤው ላይ የባለቤቷ ስም፣ ሳይቱ፣ ብሎኩና የቤት ቁጥሩ እንዲጠቀስ አድርግ፤ «ደንበኛችን ብድር አለባቸው» ብቻ የሚል ደብዳቤ የትኛው ቤት እንደሆነ ስለማይለይ ይመለሳል። ጥያቄውን የምታቀርበው አንተ ስለሆንክ ውክልናውን አትርሳ፣ ባንኮች ውክልና ላይ ከማንም በላይ ጥብቅ ናቸው። እግረ መንገድህን የብድር ውሉን አንብብ። ቤቱን ለማከራየት የባንኩን የጽሑፍ ፈቃድ የሚጠይቅ አንቀጽ ካለበት ፈቃዱንም አብረህ ውሰድ።

የኮንዶሚኒየም ካርታ ገና ያልወጣላቸው ሰዎች ይህን ካነበቡ፦ ከመንግሥት የቤቶች መሥሪያ ቤት ጋር የተፈራረሙት የሽያጭ ውልና የባንክ ክፍያ ማስረጃው ነው የባለቤትነት ወረቀታቸው።

አሁን ወደ ውሉ። የተዋዋዮችን ስም እስከ አያት፣ መታወቂያ ቁጥር፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ ስልክ፤ ይሄ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነው። ችግሩ ያለው የቤቱ መግለጫ ላይ ነው። «ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም» አይበቃም። የሳይቱ ስም፣ ብሎክ፣ ወለል፣ የቤት ቁጥር፣ በካርታው ላይ ያለው ስፋት በካሬ ሜትር፣ ስንት ክፍል፣ ሽንት ቤትና ማብሰያ ቤት ለብቻ መሆናቸው። ብሎኩ ላይ በቀለም የተጻፈው ቁጥርና ካርታው ላይ ያለው ቁጥር የሚለያዩበት ሳይት አለ፤ ውሉ ላይ የሚጻፈው የካርታው ነው፣ የግድግዳውን በቅንፍ ጨምሩት።

ኪራዩ በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ፦ 15,000 (አሥራ አምስት ሺህ) ብር። ምን እንደሚጨምርና እንደማይጨምር ለዩት። ውሃ፣ መብራት፣ የሕንፃው ማኅበር ወርሃዊ መዋጮ፣ የጥበቃና የጽዳት፤ እያንዳንዱን ማን እንደሚከፍል በስሙ ጥቀሱ። «ሌሎች ወጪዎችን ተከራይ ይሸፍናል» የሚል ዓረፍተ ነገር የጠብ ዘር ነው፤ ማኅበሩ ለአሳንሰር ወይም ለውሃ ታንከር ልዩ መዋጮ በጠየቀ ቀን ይበቅላል። እኔ ብሆን መደበኛውን ወርሃዊ መዋጮ ለተከራይ፣ የሕንፃ ጥገና ልዩ መዋጮን ለባለቤት አደርግ ነበር።

ቆጣሪው የካርድ ከሆነ ርክክብ ቀን ላይ ያለውን ቀሪ ሂሳብ፣ የድኅረ ክፍያ ከሆነ ንባቡን ጻፉ። የውሃ ቆጣሪውንም እንደዚያው፣ ቁጥሩን ጨምሮ። ውዝፍ ካለ ከርክክቡ በፊት ይከፈል።

ቀኑን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ቀልድ ይመስላል ግን አይደለም። ውሉ መስከረም 1 ቀን 2018 ቢጀምር የሚያልቀው ጳጉሜ 6 ቀን 2019 ነው፤ 2019 ጳጉሜዋ 6 ናት። ጳጉሜ 5 ወይም ነሐሴ 30 ብለህ ብትጽፍ ሁለት ዓመት አልሞላም። ነሐሴ 30 የሚለው ስህተት በተለይ ብዙ ነው፣ ሰው 12 ወር ቆጥሮ ያቆማል። በዚያው «ለጳጉሜ ቀናት የተለየ ኪራይ አይከፈልም» የሚል ሐረግ ጨምሩ። ተከራዮቹ ደመወዛቸውን በፈረንጅ ወር የሚቀበሉ ከሆነና መክፈያ ቀኑን በዚያ ልታደርጉ ካሰባችሁ ደግሞ ሁሉንም ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ ግማሹን በዚህ ግማሹን በዚያ አታድርጉ።

ዕቃ ካለው ቤት ጋር የዕቃ ዝርዝሩ አባሪ ይሁን፦ ቁም ሳጥን፣ ምድጃ፣ የውሃ ማሞቂያ፣ መጋረጃ ማንጠልጠያ፣ የቁልፍ ብዛት። የተሰነጠቀ የመስኮት መስታወትና የሚያፈስ ቧንቧ ካለም ይጻፍ። አባሪውም ይፈረም፣ ውሉ ውስጥም «አባሪ 1 የውሉ አካል ነው» ይባል፤ ሳይጠቀስ የተያያዘ ወረቀት ውሉ መሆኑ ያከራክራል።

የሁሉም ገጽ ግርጌ ላይ ሁሉም ይፈርም። በእስክሪብቶ የተሰረዘ ወይም የተደለዘ ነገር ካለ አጠገቡ ይፈረም፤ የኪራይ መጠኑና ቀኑ ላይ ስርዝ ድልዝ ካለ ግን ገጹን እንደገና ማተም ይሻላል። ሁለት ምስክር አይቅር፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1727 በጽሑፍ ለሚደረግ ውል የሚጠይቀው ነው። ምስክሮቹ የተዋዋዮቹ ዘመድ ባይሆኑ ይመረጣል።

ግቢ ቤት

ጥያቄ ልጨምር፣ ለብዙ ሰው ስለሚጠቅም። ኮንዶሚኒየም ላልሆነ፣ በአንድ ካርታ ግቢ ውስጥ ሦስት አራት ሰርቪስ ለተለያየ ሰው ሲከራይ ካርታው አንድ ነው፤ ውሉ እንዴት ይሆናል? ካርታ የሌለው አሮጌ ይዞታስ?

መዝገብ ቤት

ለእያንዳንዱ ተከራይ የራሱ ውል ይጻፋል፣ የካርታው ኮፒ ከየውሉ ጋር ይያያዛል። ክፍሎቹ ቁጥር ስለሌላቸው መለያው መግለጫው ነው፦ «ከግቢው በር ሲገባ በስተግራ ከተደረደሩት 4 ክፍሎች ሁለተኛው፣ ስፋቱ 4 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል» እንደሚለው። በቀለም ቁጥር ቢጻፍባቸውና ውሉ ያንን ቁጥር ቢጠቅስ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። የጋራ የሆነው ነገር እያንዳንዱ ውል ውስጥ ይዘርዘር፦ ሽንት ቤት፣ የልብስ ማጠቢያና ማስጫ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የጋራ ቆጣሪ። የጋራ ቆጣሪ ካለ አከፋፈሉ በሰው ቁጥር ነው፣ በክፍል ነው፣ ወይስ ቁርጥ ነው የሚለው ካልተጻፈ በየወሩ ችሎት ነው።

ካርታ ለሌለው፣ ማለት ሰነድ አልባ ለሚባለው ይዞታ፣ ያለውን ማስረጃ ሁሉ አሰባስቦ መሄድ ነው፦ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ደረሰኝ፣ በባለቤቱ ስም ያለ የውሃና የመብራት ውል፣ ከወረዳው የሚጻፍ የይዞታ ማረጋገጫ ደብዳቤ። ባለቤቱ ሞቶ ልጆች የሚያከራዩት ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይጠየቃል፤ ወራሾቹ ብዙ ከሆኑ ሁሉም ይፈርማሉ ወይም ለአንዱ ውክልና ይሰጣሉ። «ታላቅ ወንድም ነኝ» ሰነድ አይደለም።

የቀበሌ ቤት ተከራይቶ መልሶ ማከራየት ግን በዚህ መንገድ አይመጣም። የመንግሥት ቤት አዋጁ ከሚመለከታቸው ውጭ ነው፤ ተከራዩም ለሌላ የማከራየት መብት የለውም።

ሁለቱም ወገን

የተከራይ ወገን ያልተነሳ ነገር አለ። ባልና ሚስት ከሆኑ ሁለቱም በተከራይነት ይፈርሙ፣ ሁለቱም መታወቂያ ያቅርቡ። ባል ብቻ ፈርሞ ለሥራ ክፍለ ሀገር ቢሄድ ሚስቱ በቤቱ ላይ ያላት ቦታ በወረቀት አይታይም፤ አከራዩም ኪራይ ሲዘገይ የሚጠይቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ መሆን እንዳለበት አዋጁ ስለሚያዝዝ የሒሳብ ቁጥሩ ውሉ ላይ ይግባ። እዚህ ላይ ለወለል 4፦ ሒሳቡ በእናትህ ስም ቢሆን ይመረጣል። ገንዘቡ በአንተ ስም ከገባ የኪራይ ገቢው የማን ነው የሚለው ጥያቄ ይነሳል። የኪራይ ገቢ ግብር በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሠንጠረዥ «ለ» የሚታይ ነው፣ ግብር ከፋይዋም እናትህ ናቸው፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩም በእሳቸው ስም ነው የሚሆነው። ተወካይ ሒሳብ መጠቀም ግድ ከሆነ ውሉ ላይ «በአከራይ ወኪል ስም በተከፈተ ሒሳብ» ተብሎ ይጻፍ፣ ውክልናውም ገንዘብ መቀበልን ይጥቀስ።

ግብር ካነሳን አይቀር፦ ለወረዳው ዝቅ ያለ ዋጋ የጻፈ ውል፣ በኪስ ደግሞ ሌላ ውል ማድረግ በየቦታው የሚመከር ብልጠት ነው። ብልጠት ግን አይደለም። የተመዘገበው 8,000 ከሆነና በየወሩ ባንክ 15,000 ከገባ ባንኩ ራሱ ይመሰክራል። ጥሬ ገንዘብ ቢሰጥ ደግሞ ተከራዩ 8,000 ብቻ ከፍሎ ዝም ቢል አከራዩ በእጁ ያለው የተመዘገበ ውል የሚደግፈው ተከራዩን ነው። ጭማሪም የሚሰላው በተመዘገበው ላይ ነው፤ ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ ይፋ ከሚያደርገው መጠን በላይ መጨመር ስለማይቻል ዛሬ ዝቅ አድርጎ የጻፈ አከራይ ነገ ወደ እውነተኛው ዋጋ የሚመለስበት ሕጋዊ መንገድ የለውም።

ጭማሪውን በተመለከተ «በየዓመቱ 20 በመቶ ይጨምራል» የሚል አንቀጽ አታስገቡ። ይፋ ከሚደረገው ከበለጠ ዋጋ የለውም፣ ሰነዱንም ያስመልሳል። «ጭማሪ ቢኖር በሕግ በሚወሰነው መጠን ይሆናል» ይበቃል።

ወለል 4

የመጨረሻ ጥያቄ፦ ከተመዘገበ በኋላ ተከራዮቹ ከሁለት ዓመት በፊት ቢለቁ ወረዳው ላይ ምን አደርጋለሁ? የነገሮቹን ቅደም ተከተልስ በትክክል ይዤዋለሁ? መጀመሪያ ውልና ማስረጃ፣ ከዚያ ባንክ፣ ከዚያ ውሉን መጻፍ፣ ከዚያ ወረዳ።

አንቀጽ ቆጣሪ

ቅደም ተከተሉ ልክ ነው፤ ባንኩም የተመዘገበ ውክልና ስለሚጠይቅህ ውልና ማስረጃን ማስቀደምህ ጥሩ ነው። የአባትህንና የእናትህን የጋብቻ ማስረጃ በመካከሉ ፈልግ። የጥንት ጋብቻ ሆኖ የምስክር ወረቀት ከሌላቸው እሱን ማስወጣት ከሁሉም በላይ ቀን የሚበላው ስለሆነ ዛሬውኑ ጀምረው፣ ከውልና ማስረጃው ጋር ጎን ለጎን መሄድ ይችላል።

ተከራዮቹ ቀድመው ከለቀቁ፦ ተከራይ የ2 ወር ቅድሚያ ማስታወቂያ በጽሑፍ ይሰጣል፤ ማስታወቂያውን ስትቀበል ኮፒው ላይ የተቀበልክበትን ቀን ጽፈህ ፈርምላቸው። ሲወጡ ቁልፍ፣ ዕቃና ቆጣሪ የተረከብክበትን አጭር የርክክብ ወረቀት ሁለታችሁም ፈርማችሁ፣ ከተመዘገበው ውል ጋር ወረዳው ወስደህ ውሉ መቋረጡን አስመዝግብ። ይህን የሚዘሉ አከራዮች ቀጣዩን ተከራይ ሊያስመዘግቡ ሲሄዱ ቤቱ በመዝገብ ላይ አሁንም በድሮው ሰው ስም እንደተያዘ ያገኙታል፤ የለቀቀውን ሰው ደግሞ ያኔ ፈልጎ ማምጣት ነው።

የብሎክ ጸሐፊ

አንድ ትንሽ ነገር ብቻ፦ ከወረዳው ስትወጣ ማኅተሙ በሁሉም ቅጂ በሁሉም ገጽ ላይ መኖሩን፣ የምዝገባ ቁጥሩና ቀኑ በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን፣ አባሪውም መታተሙን መስኮቱ ላይ ሳለህ እየው። አባሪው ሲረሳ በኋላ ለማሳተም ሁላችሁም እንደገና ትጠራላችሁ።